ሽማግሌው ያልለካው ሞተር

ውድ አባቴ፣

«ሽማግሌው ካልለካው ሞተሩ አይነሳም።»

ይህን ያለው የአውቶቡሱ ባለቤት ነው፤ ሽማግሌው የሚለው አንተን ነው። ለእኔ አይደለም ያለው፤ ግቢው ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ለሾፌሩ ሲነግረው ሰማሁ። ከሞተሩ ጀርባ አጎንብሼ ስለነበር የሌለሁ መስሎታል። ሰውየው በዕድሜም በንብረትም ስለሚበልጠኝ አባባሉን እንዳለ ተቀብዬ አሰብኩበት። አየር ይገባል፣ ይታመቃል፣ ይግላል፣ ናፍጣው ይረጫል፣ ይቀጣጠላል። እስከዚህ ድረስ መጽሐፉም እኔም እንስማማለን። ሽማግሌው በየትኛው ምት ላይ እንደሚገባ ግን ካነበብኳቸው መጻሕፍት አንዱም አይናገርም። ምናልባት በአዲሱ እትም ላይ ጨምረውት ይሆናል።

እንዴት ነህ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? ወንድሜ በስልክ «አባዬ ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይቆጣል» ብሎኛል። መቆጣትህን ስሰማ ደህና መሆንህን አመንኩ። እኔ ደህና አይደለሁም። ተናድጃለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ አንተ ስልክ የምትይዘው ከጆሮህ አርቀህ ነው፤ የምናገረው ሁሉ የሚደርሰው ለወንድሜ ሚስት ነው። እሷ ደግሞ ምንም አልበደለችኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። መነጽርህን አድርግና ራስህ አንብበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውቶቡሱ ሲመጣ የዘይት ግፊቱ ወርዶ ሞተሩ ከሥር ያንኳኳ ነበር። አወረድነው። ክራንኩን ቶርኖ ቤት ልከን አስሞረድነው፤ አዲስ ብሮንዚን አመጣን። አንተ ይህን ታውቃለህ። ወንድሜ ግን ከትከሻህ ላይ ተንጠራርቶ ማንበቡ ስለማይቀር፣ መኪና ይዞ እስከ ዛሬ ኮፈን ከፍቶ ስለማያውቅም፣ ትንሽ ላስረዳው።

ወንድምዬ፣ ክራንክ ማለት የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ወፍራም የብረት ዘንግ ነው። የሚሽከረከረው ብሮንዚን በሚባሉ ግማሽ ክብ፣ ስስ ቅጠሎች መሃል ነው። በዘንጉ አንገትና በብሮንዚኑ መካከል ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት አለ፤ እዚያ ውስጥ ዘይት ይገባል። ብረት ብረትን ሳይነካ የሚኖረው በዚያች ዘይት ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ዘይቱ እየሸሸ ሞተሩ ያንኳኳል። ከጠበበ ዘይቱ መግቢያ ያጣል፤ ብሮንዚኑ ይቃጠልና ሞተሩ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ ተሳፋሪውም አብሮ። የእኔ ሥራ ያቺን ክፍተት መለካት ነው። አሁን ቴሌቪዥንህን ማየት ትችላለህ።

ወደ አንተ ልመለስ፣ አባዬ። ለካሁ። እያንዳንዱን አንገት በጎንም በቁመትም፣ ከዳርም ከመሃልም ለካሁት። «ብረትን ዙሪያውን ጠይቂው» ያልከኝ አንተ ነህ፤ ዙሪያውን ጠየቅኩት። ብሮንዚኑን ቤቱ ውስጥ አስገብቼ፣ ክዳኑን መጽሐፉ በሚያዘው ኃይል አጥብቄ፣ የውስጡን ስፋት ወሰድኩ። አንዱን ከሌላው ቀነስኩ። ልክ መጣ። የራሴንም ልኬት አለማመን ከአንተ የወረስኩት በሽታ ስለሆነ በክሯም ደገምኩት። ያቺን ሰም የመሰለች የፕላስቲክ ክር አንገቱ ላይ አጋደምኩ፣ ክዳኑን አጠበቅኩባት። ሲፈታ ምን ያህል እንደተደፈጠጠች ከማሸጊያዋ ላይ ከታተመው መስመር ጋር አመሳክሮ ማየት ነው። አንድ ሕግ ብቻ አላት፦ እሷ ውስጥ እያለች ዘንጉ እንዳይዞር።

ቁልፍ ላመጣ ዞር እንዳልኩ የአውቶቡሱ ባለቤት ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ አዞረው።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኩት።

«ይቀላል ወይ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ክዳኑን ስፈታው ክሯ እንደ ጥርስ ሳሙና ተለቅልቃ ጠበቀችኝ። አሳየሁት። አጎንብሶ በጥሞና አያትና «ግን ይቀላል» አለ።

እንደገና ጀመርኩ። ይህን ጊዜ ሾፌሩን ባለቤቱን እንዲጠብቅልኝ አቆምኩት። ልክ ነበር። ሁሉም ልክ ነበር። እጄን ጠርጌ «ልዘጋው ነው» አልኩ።

«አባትሽ ለክቶታል?»

«አባቴ እኮ ወንድሜ ዘንድ ነው። ጉልበቱን እየታከመ ነው።»

«እንግዲያው ይቆያላ።»

«እኔ ለክቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። አንቺን ንቄ አይደለም። አንቺን አምናለሁ። ሳይለካ ግን አላስዘጋም።»

«ለክቼዋለሁ እያልኩዎት!»

«እሱን አይደል የምልሽ? አንቺ ለክተሻል። አልተለካም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ በአእምሮዬ አገላብጬዋለሁ፤ እንደ ሰዋስው እንከን የለውም። ክሯን በገዛ እጁ አስደፈጠጥኩት። በገዛ ዓይኑ ከመስመሩ ጋር አስተያየሁት። «ቆንጆ ነው» አለ፣ «ልክ ነው» አለ፣ ከዚያ ቀና ብሎ «አባትሽ ቢያየው ደስ ይለኛል» አለ። ሾፌሩ ከኋላው በዓይኑ አጽናናኝ። ብቻችንን ስንሆን «እኔ በበኩሌ አንቺ ከለካሽው እነዳዋለሁ፤ ግን መኪናው የእሱ ነው፣ ሆዱም የእሱ ነው» አለኝ። ከዚያ ሄዶ ጎማው ላይ፣ ከባለቤቱ ጎን ተቀመጠ።

የሚያናድደኝ ባለቤቱ እንዳይመስልህ። እሱማ ደንበኛ ነው። ይህን ሰው ይህን ያስተማረው ማን ነው? አንተ ነህ።

ጣሪያው ሌሊቱን ያፈሰሰ ጊዜ ትዝ ይልሃል? የመሣሪያ መደርደሪያው በሙሉ ታጥቦ አደረ። ያቺ የእንጨት ሳጥንህ ውስጥ ውሃ ገብቶ፣ ማይክሮሜትርህ፣ ያ የብረት መለኪያህ፣ የተጠቀለለበት ፍላኔል እንደ ፎጣ ተጨመቀ። ማይክሮሜትሩን ጠርገህ፣ ዘይት ቀብተህ፣ ለብዙ ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞረህ ስታየው ነበር። «ተበላሸ?» ብዬ ጠየቅኩህ። «ብረት ምን ይሆናል» አልክና መልሰህ ጠቀለልከው። ከዚያ ወዲያ ሳጥኗን ማንም እንዳይነካ አዘዝክ። እኔም ጭምር። ብዙም ሳይቆይ አዲስ ማይክሮሜትር አምጥተህ እጄ ላይ አደረግህና «ከእንግዲህ ብሮንዚን ያንቺ ነው» አልከኝ። ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው የመጀመሪያው ባለ መኪና በበሩ እስኪገባ ነው።

ምን እንደምታደርግ ልንገርህ፤ ራስህን ከኋላ አይተኸው ስለማታውቅ። እኔ ለክቼ እጨርሳለሁ። ባለ መኪናው ይመጣል፣ እኔን ያየኛል፣ ከዚያ ሰው ይፈልጋል። አንተ ሻይህን ታስቀምጥና ሳጥኗን ከላይኛው መደርደሪያ ታወርዳለህ። ፍላኔሉን ሕፃን የተኛበት ይመስል ቀስ ብለህ ትገልጣለህ። ጀርባህን ሰጥተኸን ክራንኩ ላይ ታጎነብሳለህ። ግቢው ጸጥ ይላል። የማርሹ መካኒክ እንኳ፣ አፉ ስለማይዘጋ «ሬዲዮ» ያልነው ሰውዬ እንኳ፣ ዝም ይላል። ከዚያ ጫፉን ታዞራለህ።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ቀና ትላለህ። «ልክ ነው» ትላለህ። ባለ መኪናው ይተነፍሳል፤ እኔን «ጎበዝ» ይለኛል፣ አንተን «እግዜር ይስጥህ» ይልሃል። ሬዲዮ ካቆመበት ይቀጥላል።

(ወንድምዬ፣ አሁንም እያነበብክ ከሆነ፦ ያ ድምፅ አስማት አይደለም። የማይክሮሜትሩ ዘንግ ብረቱን ነክቶ አልፎ መሄድ ሲያቅተው ጫፉ ላይ ያለችው ማዞሪያ ብቻዋን እየተንሸራተተች ጠቅ ትላለች። ሰው በጉልበቱ ጨምቆ ልኬቱን እንዳያበላሽ የተሠራች ናት።)

አንድ ቀን እንኳ «ተሳስተሻል» ብለኸኝ አታውቅም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። የተሳሳተ ሰው ይታረምና ያልፍለታል። ሳይሳሳት በየጊዜው የሚፈተሽ ሰው ግን ምን ይባላል? ከሱቅ ሲወጣ ዘንቢሉ የሚበረበር ሰው መስዬ ነው አጠገብህ ስቆም የኖርኩት፤ ዘንቢሌ ውስጥ አንድም ቀን ምንም አልተገኘም፤ ነገ ደግሞ ይበረበራል።

እሺ፣ ጥንቃቄ ነው እንበል። ጥንቃቄ ከሆነ ሰው በሌለበት ብትለካብኝ ምን ነበረበት? አስታውስ እስቲ። ሁለታችን ብቻ በሆንን ቀን ሳጥኗን አውርደህ ታውቃለህ? እኔ «ልክ ነው» እላለሁ፣ አንተ ቀና ሳትል «ዝጊ» ትላለህ፣ ሻይህን ትጠጣለህ። ባለ መኪና በሌለበት ልኬቴ ደህና ነው፤ ባለ መኪና ሲገባ ይጠረጠራል። እኔን ማዋረድ የሰው ምስክር ካላየው የማይጸና ውል ይመስል።

ሬዲዮንስ? እኔ ታምሜ የተኛሁ ጊዜ የውሃ መሳቢያ ሞተር መጣና ብሮንዚኑን ሬዲዮ ለክቶ ዘጋው። ባለቤቱም እዚያው ቆሞ ነበር፣ አንተም እዚያው ቆመህ ነበር። ሳጥኗ ወረደች? አልወረደችም። ባለቤቱም አልጠየቀ፣ አንተም አላወረድክ። ወንድ ለካው፣ አለቀ። ሞተሩ እያንኳኳ ተመለሰ። ያኔ ደግሞ ምን አደረግክ? «እሷ እስክትነሳ ብሮንዚን ማንም እንዳይነካ» ብለህ ሥራውን ሁሉ ቆልለህ ጠበቅከኝ። ትኩሳቱ ሳይለቀኝ የገባሁት ወደዚያ ክምር ነው። አንድ ሰው ታሞ ተነስቶ እንኳን ማረህ ሳይባል ክራንክ ሲሰጠው አስበው። ሬዲዮ እስካሁን «አንቺ ስትታመሚ እኮ ጋራዡም ነው የሚተኛው» እያለ ያሾፍብኛል።

አሁን አንተ በሌለህበት ስልኩ ይደወላል፣ አነሳለሁ፣ «ጋራዥ ነው?» ይላሉ፣ «ነው» እላለሁ፣ «እዚያ ሰው የለም?» ይላሉ። «አለሁ» እላለሁ። «አይ፣ ሰው» ይላሉ። ስትሄድ የበሩን ቁልፍ እጄ ላይ አድርገህ «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው» ያልከኝ ጋራዥ ይህ ነው። የሰጠኸኝ የበሩን ቁልፍ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ በላይኛው መደርደሪያ ላይ በፍላኔል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ይህ አውቶቡስ ሞተሩ ሳይዘጋ ከግቢው ከወጣ ደግሞ ሌሎቹ ባለ አውቶቡሶች ተከትለውት ይወጣሉ፤ ሁሉም አንድ ተራ ላይ ነው የሚቆሙት፣ ወሬያቸውም አንድ ነው። የምጠብቀው ግቢ አይኖረኝም።

ለዚህ ነው ከትናንት ወዲያ በባለቤቱ ስልክ ያስደወልኩልህ። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር ግቢው በሙሉ ሰምቶሃል።

«አውቶቡሴ እኮ ቆመብኝ» አለህ።

«ምን ሆኖ?»

«ልጅህ ልዝጋው ትላለች።»

«ለካች?»

«ለካች።»

«እና?»

«አንተ አልለካኸውማ።»

በስልኩ ውስጥ የወንድሜ ልጆች ሲጯጯሁ ይሰማ ነበር። እኔ ቁልፉን እንደያዝኩ አንድ ቃል ስጠብቅ ነበር፣ አባዬ። «ትዝጋው»። አራት ፊደል ናት። አንተ ግን ምን አልክ? «መለኪያዬን ማንም እንዳይነካው። ከነጨርቁ ጠቅልላ ትላክልኝ» ብለህ ዘጋኸው።

ባለቤቱ ስልኩን ኪሱ ከተተና «ሰማሽ?» አለኝ። የይግባኝ ሰሚውን ውሳኔ የሚያነብ ነበር የሚመስለው። ሞተር ተከፍቶ ተቀምጧል፣ ሰውዬው ገበያው ቆሟል፣ ልጅህ ግቢ ሙሉ ሰው ፊት ቆማለች፤ አንተ ያሳሰበህ ያ ብረት ማንም እንዳይነካው ነው። እኔ ለክቼ ካልተለካ፣ አንተ ከሌለህ፣ መለኪያህም ከሄደ፣ እዚህ ምን ቀረ? ከበሩ በላይ ያለው ሰሌዳ።

ስለዚህ ውሳኔዬን ልንገርህ። ነገ ጠዋት እዘጋዋለሁ። ባለቤቱ ከወደደ ቆሞ ያያል፤ ካልወደደ ክራንኩን አቅፎ ደስ ያለው ጋራዥ ይሂድ። ሌሎቹም ይከተሉት። ስትመለስ ባዶ ግቢ ብታገኝ አትገረም፤ ግቢው ውስጥ ግን ከኋላዋ ማንም የማይለካባት አንዲት መካኒክ ታገኛለህ። አውቶቡስ ባታገኝም ሬዲዮን ትጠግናለች።

መለኪያህንም እንዳዘዝከው እልክልሃለሁ። ሾፌሩ ሥራ ስለፈታ በሰው መኪና ወደ እናንተ ይመጣል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያደርስልሃል። እዚያም የምትለካው አታጣም። የአልጋህ እግሮች አሉ፤ የወንድሜ ሚስት ብርጭቆዎች አሉ። አጎንብስ፣ ጠቅ ጠቅ አድርግና «ልክ ነው» በላቸው። ዕቃዎች ስለሆኑ አይከፋቸውም።

ጉልበትህን ብርድ እንዳታስመታው። መድኃኒቱን «ተሻለኝ» እያልክ አትዝለል። ስትመጣ በደስታ እቀበልሃለሁ፤ ሳጥኗን ግን ከበሩ ውጪ ትተህ ግባ።

ያልተሳሳተችው ልጅህ

ደብዳቤው ካለቀ በኋላ፦

ከላይ ያለውን እንዳለ ትቼዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ልጠቀልልህ ብዬ ሳጥኗን አወረድኳት። ፍላኔሉን ገለጥኩ፣ ማይክሮሜትሩን አንስቼ ብርሃን ፍለጋ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጫፉን አዞርኩት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። የአውቶቡሱ ባለቤት ለካ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል።

«እንዲህ ነዋ» አለ። «በቃ፣ አሁን ዝጊው።»

ሾፌሩን ሊጠራ ወጣ። ዘጋሁት። ሞተሩ ትናንት ከሰዓት በመጀመሪያው ተነሳ፤ የዘይት ግፊቱም ጥሩ ነው። ሾፌሩ በሰው መኪና ሳይሆን በራሱ አውቶቡስ ነው የሚመጣልህ። ባለቤቱ ለተራው ሁሉ «ተለክቷል» እያለ እየተናገረ ነው፤ ዛሬ ሁለት ሰው ሞተር ይዞ መጥቷል።

ደብዳቤውን ሾፌሩ ይሰጥሃል። ማይክሮሜትሩን አልላክሁም። በጨርቁ ጠቅልዬ፣ ሳጥኗ ውስጥ አድርጌ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ መልሼዋለሁ። ማንም አይነካውም።

የማይክሮሜትሩ ዘንግ አይንቀሳቀስም። የጣሪያው ውሃ የተወው ዝገት ውስጡ ገብቶ አጣብቆታል፤ ተከፍቶ የቀረበት ስፋትም እዚህ ግቢ ከገባ ከማንኛውም ክራንክ አንገት ይበልጣል። የሚዞረው ጫፉ ብቻ ነው።